ቀዳዳ የሌለው የወፍ ቤት

የአጃውን ነዶ በጉልበቶቼ መሃል ይዤ ሲባጎውን ሁለተኛ ዙር እያዞርኩበት ነው። አገዳው ደርቋል፤ በነካሁት ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ከዛላው የረገፈው ፍሬ የወጥ ቤቱን ወለል አልብሶታል፤ በኋላ እጠርገዋለሁ። ነዶ ከወገቡ መጥበቅ፣ ከራሱ መላላት አለበት። ዛላው ካልተዘረጋ ወፎቹ የሚቆሙበት ያጣሉ። ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እማማ ኦስታ ናቸው።

«እንደ ሙሽራ ወገብ ጥብቅ!» ይሉ ነበር፣ የሲባጎውን ጫፍ በጥርሳቸው ስበው። «መተንፈሻ ግን ተይላት።»

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሃሊንግዳል ወንዝ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከእማማ ኦስታ ቤት የሚለየን አንድ የአጃ እርሻ ብቻ ነበር። የገና ዋዜማ ሳይጨልም በሸለቆው ያለ ቤት ሁሉ ለወፎች አንድ ነዶ በረጅም እንጨት ጫፍ ያቆማል። ከሥሩ ያለው በረዶ ደግሞ በእግር እየተረገጠ ክብ አውድማ ይሆናል። ወፎቹ ከበሉ በኋላ ወርደው የሚጨፍሩበት ነው፤ ካልጨፈሩ እግራቸው ይደርቃል ይባላል። አውድማውን መርገጥ የልጆች ሥራ ነው።

እማማ ኦስታ በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨምረውበት ነበር። ነዶው ሲቆም ለመጪው ዓመት አንድ ተስፋ በልብ ይያዛል፤ የመጀመሪያዋ ወፍ እስክታርፍበት ድረስ ግን ለማንም አይነገርም።

«ከተናገርኩትስ?» አልኳቸው።

«ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ! የቀደመ ነዋ።»

ወፎቹን የሚያዩት እንደ ሰፈር ሰው ነበር። መስኮታቸው ሥር የፖም ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ ክኑት የሚባለው ልጃቸው የሠራው የወፍ ቤት ተሰቅሏል። እኔና እሳቸው አገጫችንን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈን ስናይ እንውላለን። «ያቺን ቢጫ ሆድ ተመልከቻት፣ ባሏን ገፍታ ስትበላ፤ ቁርጥ የቄሱን ሚስት!» ይሉኛል። ከሁሉ የሚወዱት ግን ዶምፓፕን ነው፤ ደረቱ ቀይ፣ ቆቡ ጥቁር፣ አንገት የሌለው ወፍራም ወፍ ነው። ከሚስቱ ተለይቶ አይመጣም። ድምፁ ከልብሱ ጋር አይሄድም፤ ርቆ የሄደ ሰው በቀስታ የሚጣራ ይመስላል።

በዚያ ዓመት ገና ሊደርስ ሲል አባቴ እጄን ይዞ እማማ ኦስታ ቤት አደረሰኝና «ዛሬ እዚህ ታድሪያለሽ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እማማ ኦስታ በዚያ ጊዜ ከአልጋ አይነሱም ነበር፤ ደረታቸው እንደ ወናፍ ይጮሃል። በማግስቱ ስመለስ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። የአባቴ እህት አክስቴ ቦርግሂል ከታች መንደር የገዛ ሽርጧን ይዛ መጥታ ምድጃችንን ተረክባለች።

«እናትሽ ወገቧን አሟታል፤ አትነካኪያት» አለችኝ።

«ለምን ግድግዳ ታያለች?»

«ብርሃን ዓይኗን እየወጋት። ሂጂ ድንች ላጪ።»

እናቴ በልግም በጋም ስትወፍር ከርማ ነበር፤ ከቅቤ ገንፎው ነው ብዬ ነበር። አሁን ከብርድ ልብሱ ሥር ቀጭን ሆናለች፤ ስለታመመች ነው አልኩ። በቤታችን እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ የሚናገር ሰው አልነበረም። ልጅም አይጠይቅም።

አባቴ የዚያን ዓመት ነዶ እንደ ወትሮው በረቱ አጠገብ አላቆመውም። ከእናቴ መስኮት ፊት ለፊት በረዶውን ጠርጎ እንጨቱን በድንጋይ አስደገፈው።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ድመቷ ትደርስባቸዋለች!»

«ድመቷን ለኔ ተያት።» እውነትም ያን ሳምንት ሙሉ ድመቷ በረት ውስጥ ተዘግቶባት ስታለቅስ ሰነበተች።

አውድማውን ረገጥኩ። ረግጬ ስጨርስ ተስፋዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መያዝ አቃተኝ።

«አባዬ፣ የወፍ ቤት ነው የምፈልገው። የራሴ። እማዬ ተኝታ እንድታየው እዚሁ መስኮቱ ጋ። ጫጩት ሲፈለፈል ትዞራለች።»

አባቴ እንጨቱን ነቅነቅ አድርጎ ጥብቀቱን አየ። ትንሽ የሚናገር ሰው ነው።

«እሺ» አለ።

ቀና ብዬ ነዶውን አየሁ። አንድም ወፍ አላረፈበትም።

ወፎቹስ በማግስቱ መጡ። ድንቢጦች መጡ፣ ቢጫ ሆዶች መጡ። እናቴ ግን አልዞረችም። እኔ በየጠዋቱ በሩ ሥር ቆሜ «እማዬ፣ ዛሬ ቢጫ ሆዶች ተጣሉ» እላታለሁ፤ ትከሻዋ ብቻ ይታየኛል። አንድ ቀን ከበሩ ወዲህ ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁ።

«የት አደረጋችሁት?»

«ተኚ ማርጊት» አለች አክስቴ።

«የት እንዳደረጋችሁት ብቻ ንገሩኝ።»

«ለራስሽ ብዬ ነው። ያላዩት ነገር ቶሎ ይረሳል። እኔ ነኝ የምልሽ።»

ዞር ብዬ የልብስ መስቀያውን አየሁ፤ የእናቴ ሰማያዊ ሻል የለም። ገባኝ። እናቴ በርዷታል፤ ሻሏን ትፈልጋለች፤ አክስቴ ደግሞ የሆነ ቦታ ከታዋለች። አግኝቼ ብሰጣት ትዞራለች ብዬ ከአግዳሚው ሥር፣ ከሱፍ ቅርጫቱ፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ሳይቀር ፈለግሁ። ያልፈለግሁበት ጎተራው ብቻ ነበር። ቁልፉ አክስቴ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው።

«ጎተራ ምን ረስተሻል?» አለችኝ ስጠይቃት። «በዚህ ብርድ አይጥ እንኳ እዚያ አይገባም። ዞር በይ ከእግሬ ሥር!»

ድምፅዋ ሲቆራረጥ ሰምቻለሁ፤ ከምትከትፈው ሽንኩርት መስሎኝ ነበር።

ገና ካለፈ በኋላ እማማ ኦስታ ሞቱ። አክስቴ ወተት እያማሰለች ነገረችኝ፤ እንዳያርርባት ዓይኗን ከድስቱ አልነቀለችም።

«ወፎቹን ታዲያ ማን ያያቸዋል?» አልኳት።

«ወፍ ራሱን ያያል።»

በዚያው ሰሞን ከአባቴ የእንጨት ሥራ ክፍል የመላጊያ ድምፅ ሰማሁ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ ነጭ የጥድ ሳንቃ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሳጥን እየሠራ ነው። ልቤ ዘለለ። የኔ ነው። ከእማማ ኦስታ የወፍ ቤት ይረዝማል፤ ብዙ ጫጩት እንዲይዝ ነው አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፤ ውስጡን ይልጋል። እማማ ኦስታ የወፍ ቤት ውስጡ ሻካራ መሆን አለበት ብለውኛል፤ ጫጩቶቹ ቧጠው የሚወጡት በዚያ ነው። አባቴ ግን ይልጋል፣ መዳፉን ውስጥ አስገብቶ ያሻል፣ ስንጣሪ ካገኘ ደግሞ ይልጋል። ዕቃ ሲሠራ እንደዚያ ሲዘገይ አይቼው አላውቅም።

አክስቴ ቦርግሂል በጓሮው በር ገባች።

«መሬቱ ብረት ሆኗል ኤምብሪክ። ማን ይቆፍረዋል፣ ይህን ለሚያህል?»

«ለብቻው አይቆፈርም። ኦስታ ይይዙታል። ክኑትን አነጋግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«‹እናቴ ባዶ እጇን ሰው ቤት ሄዳ አታውቅም› አለኝ።»

አክስቴ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። «ለማርጊት እንዳትነግራት።»

አባቴ መላጊያውን አነሳ።

«ሰማኸኝ? እኔም ሁለት ሸኝቻለሁ። የት እንዳሉ አልጠየቅሁም። ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ።»

መላጊያው እንደገና መጮህ ጀመረ።

ሁሉም ነገር ገባኝ። መሬቱ ስለደረቀ የወፍ ቤቱ የሚቆምበት ምሰሶ ሊተከል አልቻለም። ስለዚህ ለእማማ ኦስታ ተሰጠ። ወፍ ሳያርፍ ተናግሬዋለሁና ሌላ ሰው ወሰደው፤ የወሰዱትም ያስጠነቀቁኝ ራሳቸው ናቸው። በረት ገብቼ ከድመቷ ጋር አለቀስኩ። ከሁሉ የከነከነኝ የሞተ ሰው የወፍ ቤት ምን ያደርግለታል የሚለው ነበር።

ቀብሩ ገና ካለፈ በሳምንቱ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ዋለ። ከእማማ ኦስታ ደጃፍ እስከ መንገዱ ድረስ በበረዶው ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ተነስንሷል። ሬሳው ያለው ጎተራቸው ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ በሁለት የእንጨት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል፣ ክዳኑ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሰው እየተጠጋ ይሰናበታል። የሳጥኑ ከንፈር ከአፍንጫዬ ትይዩ ነበር፤ በእግሬ ጥፍር ቆሜ አየሁ።

እማማ ኦስታ ነጭ ለብሰዋል። በቀኝ ክንዳቸው ሥር አባቴ የሠራውን ሳጥን አቅፈዋል፤ ገበያ የሚሄዱና ቅርጫታቸውን የያዙ ይመስላሉ። የትንሹን ሳጥን ፊት አየሁት። ጎኑን አየሁት።

«አባዬ» አልኩ፣ «ቀዳዳውን ረስተኸዋል።»

አንዲት ሴት መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ ፊቱን አዙሮ ወደ በሩ ሄደ፤ በሰው ፊት ሥራውን ስለነቀፍኩበት የተቆጣ መሰለኝ። አክስቴ እጄን ጨመቀችው።

ክኑት መጣና ፊቴ ቁጢጥ አለ። ግዙፍ ነው፤ ትምባሆና ፈረስ ይሸታል፤ በመንደሩ ቀልደኛ የሚባለው እሱ ነው።

«አልረሳውም ራግና። እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ በምን ይወጣል?»

ክኑት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እዚያ ሲደርሱ እናቴ ትከፍትለታለች። እሷ የማትከፍተው ክዳን የለም። የኔን የትምባሆ ሳጥን የት ብደብቀው አግኝታ ትከፍተው ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ።

ቀና ስል ነው ያየሁት። ከትንሹ ሳጥን ክዳን ሥር የጣት ያህል ሰማያዊ ዘርፍ ወጥቷል። የእናቴ ሻል ነው። ስንት ጊዜ በዚያ ዘርፍ ተጫውቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ይህን እንኳ ለእማዬ እኔ ራሴ ቀድሜ ልነግራት ፈለግሁ። ክዳኑን በሚስማር መትተው መዝሙሩን ሲጀምሩ እጄን ከአክስቴ እጅ አሾልኬ በእርሻው አቋርጬ ሮጥኩ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። ኋላዬ አክስቴ ስሜን ትጠራለች።

እናቴ እንደዚያው ነበረች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳ።

«እማዬ! ሻልሽን አገኘሁት!»

ወደ አልጋው ተጠጋሁ።

«ሰማያዊውን። እማማ ኦስታ ጋ ነው፤ አባዬ የሠራው ሳጥን ውስጥ። ዘርፉ በክዳኑ ወጥቶ አየሁት። የኔ የወፍ ቤት ነበር፣ ግን ቀዳዳ የለውም፣ ውስጡንም ልጎ ልጎ አለስልሶታል።»

አልጋው ጮኸ። እናቴ ዞረች። ያን ሁሉ ቀን ፊቷን አላየሁም ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ በጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር አለ።

«ውስጡን ልጎታል?»

«በእጁ እያሻሸ። ስንጣሪ እንዳይኖረው።»

«እና የት አለ ያልሽው?»

«አቅፈውታል። እንዲህ።» ትራሷን አንስቼ በክንዴ ሥር አድርጌ አሳየኋት።

ትራሱን ብዙ አየችው። ከዚያ እግሮቿን ወደ ወለሉ አወረደች።

«ነይ ትከሻሽን አውሽኝ» አለችኝ።

እስከ መስኮቱ ድረስ ክብደቷ በኔ ላይ ነበር፤ ብዙ አልከበደችኝም። ነዶው ላይ ድንቢጦች ነበሩ፤ ከላይ ደግሞ ዶምፓፕና ሚስቱ። መስኮቱን ስትከፍተው ሁሉም ብር አሉ። ብርዱ ገባ።

የክኑት ፈረስ የሬሳውን የበረዶ ሠረገላ እየሳበ እኛ ደጅ ደረሰ። ቃጭሉን አውልቀውለታል፤ የሚሰማው በረዶው ብቻ ነው። አባቴ ከሠረገላው ጎን ይሄዳል። ቀና ብሎ እናቴን በሌሊት ልብሷ መስኮቱ ላይ ሲያያት ቆመ። ክኑትም ፈረሱን ያዘ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ።

«ኤምብሪክ» አለች እናቴ። አልጮኸችም፤ በብርድ ቀን ድምፅ ይርቃል።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በየትኛው ክንዳቸው ነው?»

«በቀኝ።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እጇ የመስኮቱን እንጨት እንደያዘ ነው።

«ጥሩ» አለች። ቀጥላም «ሂዱ በሉ፤ ፈረሱ ይበርደዋል።»

አክስቴ ቦርግሂል እያለከለከች ገባች። «ማርጊት! አብደሻል? ዝጊው መስኮቱን፣ ልትሞቺ ነው!»

«ቦርግሂል፣ ዝም በይ።»

አክስቴን ዝም በይ ያላት ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አክስቴ ራሷም ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። መጣችና የራሷን የሱፍ ሻል አውልቃ በእናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ሦስታችን ሠረገላው በመታጠፊያው እስኪሰወር አየን።

ወፎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ዶምፓፕ መጨረሻ ላይ መጣ።

«አረፈ» አልኩ። «አሁን መናገር ይቻላል። ያንቺ ተስፋ ምንድን ነበር እማዬ?»

«ዘንድሮ አልያዝኩም» አለች። የአክስቴን ሻል በትከሻዋ ላይ አጠበቀች። «ቆይ አሁን ልያዝ።» ዓይኗን ጨፈነች።

በዚያ ማታ ከእኛ ጋር ማዕድ ቀርባ ገንፎ በላች። አዲሱ ዓመት እንደገባ አባቴ ከተረፈው ሳንቃ ሌላ የወፍ ቤት ሠራ፤ ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ ሻካራ። መሬቱ ሲላላ መስኮቱ ፊት ተከለው፤ በጸደይ ቢጫ ሆዶች ገቡበት። እኔም ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ ብዬ አደግሁ፤ አባቴ ሁለት የወፍ ቤት ሠራ፣ አንዱን ለእማማ ኦስታ፣ አንዱን ለኔ።

እናቴ በየዓመቱ ገና ለእማማ ኦስታ መቃብር ነዶ ታስር ነበር። ጎረቤታችን ነበሩ፣ ወፍም ይወዱ ነበር፤ የሚያስገርም ነገር አልነበረውም። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መጣ። ዘመናቸው ያለፈ መቃብሮች ተነስተው ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው፤ የሚከራከርለት ቤተሰብ ያለው ይናገር አለ። ክኑት ልጅ ሳይወልድ ሞቷል። አባቴ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እናቴ «የኦስታ በእኛ ስም ይሁን» አለች።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ዕቃ እያጠብን «ዘመዶቻችን አይደሉም እኮ» አልኳት።

«ወንድምሽ እዚያ ነው» አለች እናቴ። ያደረቀችውን ሳህን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች።

ብዙ ቆይቼ ስለ ዘርፉ ጠየቅኋት፤ ክዳኑ ሲዘጋ አምልጦ ነው ወይ አልኳት። ፈገግ አለች። «የአባትሽን ክዳን ታውቂያለሽ» አለችኝ። አውቃለሁ። እሱ የገጠመው ክዳን ውኃ አያሳልፍም። ከእህቱ ጋር መከራከር የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ሆን ብሎ ትቶት ከሆነ ለማን እንደተወው ግን አላውቅም። እሱንም ሳልጠይቀው ሞተ። ዘርፉ የነበረው በሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ልክ ነው።

ነዶውን አስሬ ጨርሼ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ ወደ መቃብሩ ወጣሁ። አባቴና እናቴ ከእማማ ኦስታ ጥቂት ዝቅ ብለው ነው ያሉት። ነዶውን ከድንጋዩ በስተቀኝ አቆምኩት፤ እናቴ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነበር የምታስረው። ዛላውን በጣቶቼ ዘረጋሁት። ከሥሩ ያለውን በረዶ ረገጥኩ፤ የልጆች ሥራ ነው፣ ጉልበቴንም አመመኝ፣ ግን ክብ ሆነ። ዶምፓፕ ከጥዶቹ ውስጥ በቀስታ ተጣራ፤ አልወረደም። ለመጪው ዓመት የያዝኩት ተስፋ አለ። ወፍ ስላላረፈ እዚህም አልጽፈውም።

የተረፈውን ሲባጎ በቢላዋዬ ቆረጥኩ። ቢላዋውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።